ከግራ ሦስተኛው መሳቢያ

ያን ሐሙስ ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በቦርሳዬ ውስጥ አንድ አዲስ ዲስክ፣ ሁለት ካቻቢቴና አንድ ላፕቶፕ ነበሩ። ከዚህ ሌላ ልኩን ያለፈ በራስ መተማመን ነበረኝ። የምነግራችሁ ያ በራስ መተማመን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ምን እንደደረሰበት ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው። እዚያው ደሴ ፒያሳ ባለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቤቱ ትንሽ ቢሆንም ከሐይቅ እስከ ሐርቡ ያሉ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች «ሲስተም ሄደብን» ባሉ ቁጥር የምላከው እኔ ነኝ። ስደርስ ሰዎቹ ከወንበራቸው ይነሡልኛል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የተነቀለ ገመድ ነው። ገመዱን እሰካለሁ፣ ይመርቁኛል፣ ሻይ ይመጣል። ሰው እንዲህ ሲከበር ቀስ በቀስ የሚያውቀው ነገር የበዛ ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንድ መጥፎ ልማድ አድሮብኝ ነበር፦ ከዕቃው ጋር እንጂ ከሰዎቹ ጋር አላወራም።

የተጠራሁት ከሰርቨሩ ዲስኮች አንዱ ታሞበት እንድቀይርለት ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ ስም ለዚህ ታሪክ አያስፈልገንም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ከመነኸሪያው በባጃጅ ሄድኩና በሩን አንኳኳሁ። የተቀበሉኝ የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከእጃቸው እስክሪብቶ የማይለይ ሴት ናቸው።

ከቢሯቸው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቁር ሂጃብ የለበሰች ሴት ክላሰር በጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ዘሀራ ወደ እሷ እያዩ አስረዱኝ።

«ይቺ ልጅ ሉባባ ትባላለች። ከቢስቲማ ነው የመጣች። እኛው ነን በፋርማሲ ያስመረቅናት፤ እዚያው ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የትምህርት ማስረጃሽ ከኮሌጁ ተረጋግጦ ይምጣ ብለዋታል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካላደረሰች ከሥራ ትታገዳለች። የወረቀት ፋይሏ ደግሞ የለም።»

«የት ሄደ?»

«ጦርነቱ እዚህ የገባ ጊዜ የፋይል ክፍሉ ነደደ። የቀረን እዚህ ሰርቨር ውስጥ ስካን ተደርጎ የተቀመጠው ብቻ ነው። የሷም፣ የሌላውም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰሞኑን በጣም ይንቀራፈፋል እንጂ ይከፍታል። መጀመሪያ የሷን ላውጣላትና ከዚያ ብትጀምርስ?»

እዚህ ላይ «እሺ» ብል ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

«አምስት ደቂቃ ነው» አልኳቸው። «እንዲህ እየተንቀራፈፈ አንድ ገጽ ለመክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጅብዎታል። እኔ ስጨርስ እንደ ልብዎ ይሮጥልዎታል።»

ሉባባ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

ሰርቨሩ ያለው ከቢሮው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ነገሩን በቀላሉ ላስረዳችሁ። በፊቱ ላይ አራት መሳቢያዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ መሳቢያ ውስጥ አንድ ዲስክ አለ። አራቱ ዲስኮች መረጃውን ተካፍለው ስለያዙት አንዱ ቢሞት የቀሩት ሦስቱ ይሸከሙታል። ሁለተኛ ከጎደለ ግን ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ጠጋኙ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት የታመመው ዲስክ በየትኛው መሳቢያ እንዳለ ነው። ኮምፒውተሩ የታመመውን በመለያ ቁጥሩ ይጠራዋል እንጂ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። በደህና ሰርቨር ላይ ቦታውን የምታሳይ ትንሽ መብራት አለች። የዚህኛው ፊት ግን ያኔ ዘራፊዎች መሬት ላይ ሲወረውሩት ተሰነጣጥቆ መብራቶቹ ከዚያ ወዲህ አይበሩም።

እኔን ይህ አላሳሰበኝም። በእያንዳንዱ መሳቢያ ላይ የዲስኩ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች የተጻፉባት ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፋለች። ላፕቶፔን አገናኘሁና የታመመውን ጠየቅሁ፤ መጨረሻው 7316 ነው አለኝ። ወደ መሳቢያዎቹ ዞርኩ። 7316፣ ከግራ ሦስተኛው። ጥርት ያለ ጽሑፍ።

እጄን ወደ መሳቢያው ስዘረጋ ወይዘሮ ዘሀራ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ እነዚያ ወረቀቶች እኮ የድሮ ናቸው፤ ያን ጊዜ እኛ…» ማለት ጀመሩ።

ዞር ብዬ እንኳን አላየኋቸውም። «ግድ የለም እትዬ፣ ለሙያው አያስቡ» አልኩና ሦስተኛውን መሳቢያ ሳብኩት።

ከውጭ ያለው የወይዘሮ ዘሀራ ኮምፒውተር አንድ ድምፅ አሰማ። ላፕቶፔ ላይ ቀይ ጽሑፍ ተደራርቦ መውረድ ጀመረ። በእጄ የያዝኩትን ዲስክ ገልብጬ ከሥሩ ያለውን መለያ አነበብኩ። 2058 ይላል።

ክው አልኩ። ጤነኛውን ነው የነቀልኩት። የታመመው እዚያው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ ሁለት ጎደሉ ማለት ነው፤ ሁሉም ቆመ።

ወዲያው ዲስኩን መልሼ ሰካሁት። ዝም አለ። እንደገና ሰካሁት፤ እንደ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ አሰማና ተወ። በሦስተኛው እየተንገጫገጨ ተነሣና መዞር ጀመረ። ዲስኩ ተነሥቷል፤ ሰርቨሩ ግን አራቱን አንድ ላይ አላገናኝም አለ። ባስጀመርኩት ቁጥር ወደ ታመመው ዲስክ ሲደርስ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ያ በሽተኛ ከመካከላቸው ሳይወጣ ሌሎቹን ማስነሣት አይቻልም። የት እንዳለ ደግሞ አላውቅም።

ወይዘሮ ዘሀራ በሩን ተደግፈው ያዩኛል። «ምነው? ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ትንሽ ችግር ገጥሞናል።»

«የኔም ኮምፒውተር ዘጋ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሉባባ ብድግ አለች። «ደረሰ?» አለችኝ።

«ትንሽ ይቆያል» አልኳት። ያልኳት ይህን ብቻ ነው። ለምን እንደሚቆይ አልነገርኳትም፤ ዓይኗን ማየትም አልቻልኩም።

ተመልሼ ገብቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና አሰብኩ። የቀረው ቀላሉ መንገድ ሰርቨሩን አጥፍቶ አራቱንም ማውጣትና ቁጥራቸውን ማንበብ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ዲስኮች ለዓመታት ሳያርፉ የዞሩ ናቸው። እንዲህ ያሉ ዲስኮች አንዴ ካረፉ ላይነሡ ይችላሉ፤ 2058 ተነቅሎ ሲመለስ ምን እንዳሰማ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከጤነኞቹ አንዱ ባይነሣ የሉባባም፣ ከእሷ በፊትና በኋላ የተመረቁትም ሁሉ ፋይል የለም። ማጥፋት አይቻልም። በግምት መንቀልም አይቻልም። አንድ መሳቢያ ብቻ ነው የሚወጣው፤ እሱም ትክክለኛው መሆን አለበት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቃዬ ከደሴ ደወለ። የሆነውን ነገርኩት።

«በቃ ተወው» አለኝ። «ዲስኮቹ አርጅተው ነበር በልና ና። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ይዘን እንመለሳለን።»

«ነገ ስድስት ሰዓት የምታደርሰው ወረቀት ያላት ሰው ውጭ ተቀምጣለች።»

«እሱ የኮሌጁ ጉዳይ ነው። አንተን አይመለከትም።»

«የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሳላስነሣው አልመጣም።»

«ኤፍሬም፣ አትሞኝ። በባሰ ሁኔታ ትተወዋለህ።»

«አልመጣም አልኩህ እኮ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለአለቃዬ እንዲህ መልሼለት አላውቅም ነበር።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ኮምፒውተሩ ጤነኞቹን ሦስት ዲስኮች አንድ በአንድ በቁጥራቸው ሊያዛቸው ይችላል። አንዱን ብቻ «አንብብ» ብዬ ባዘው እሱ ሲንቀሳቀስ ሌሎቹ ያርፋሉ። መብራት ባይኖርም ድምፅ አለ። የጋራዥ ሰዎች የሞተርን በሽታ ሲፈልጉ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ። ለሦስቱም ትእዛዝ የሚመልሱትን ሦስት መሳቢያዎች ከለየሁ፣ የማይመልሰው አራተኛው የበሽተኛው ነው።

«እትዬ ዘሀራ» አልኩ፤ ድምፄ ከጠዋቱ በጣም ተለውጧል። «ይርዱኝ። እኔ ጆሮዬን እዚህ ሳደርግ እርስዎ ይህችን ቁልፍ ይጫናሉ። አሥር ሴኮንድ ያነባል፣ ከዚያ ያርፋል። እጄን ሳነሣ እንደገና ይጫኑ።»

መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። እኔ ተንበርክኬ የካቻቢቴውን ጫፍ ከመጀመሪያው መሳቢያ ጠርዝ አስነካሁት፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። የማራገቢያው ጩኸት ጆሮዬን ሞላው። እጄን አነሣሁ፤ ተጫኑ። ከጩኸቱ ሥር አንድ የሚቆረቁር ትንሽ ድምፅ ፈለግሁ። አጣሁ። ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው ሄድኩ። ተመለስኩ። እንደገና።

ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። መጀመሪያ የታወቀው 2058 ነው፤ ሦስተኛው ላይ ራሴ መልሼ የሰካሁት ስለሆነ እሱን የሰማሁት ጆሮዬን ለማስለመድ ነው። ከዚያ ሌላውን ጤነኛ አዘዝኩ፤ ከቀኝ ጫፍ ባለው መሳቢያ ቆረቆረ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ጥርጥር የለውም። የመጨረሻውን ጤነኛ ሳዝ ግን ነገሩ ተበላሸ። ድምፁ ከግራ በኩል ይመጣል፤ ከአንደኛው ይሁን ከሁለተኛው ግን መለየት አልቻልኩም። ሁለቱ መሳቢያዎች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሲንቀጠቀጥ ሌላውም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ወገን ደግሞ ብረቱ ተጣሟል። አንዴ አንደኛው ይመስለኛል፣ አንዴ ሁለተኛው።

ግማሽ በግማሽ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ በሽተኛው ነው፣ አንዱ ደግሞ ያለ እሱ ሁሉም ነገር የሚጠፋበት።

«ታዲያ አንዱን አትሞክርም?» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ።

«ጠዋት ሞክሬ አይተውኛል» አልኩ። «አሁን ምክንያቱን ሳላውቅ አልነካም። ወረቀቱ ሦስተኛ ይላል፤ ሦስተኛው ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁና፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «እኔን ብትጠይቀኝ እኮ ጠዋት ልነግርህ ነበር» አሉኝ። «ለሙያው አያስቡ አልከኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «አውፍ ይበሉኝ» አልኩ። ይህን የይቅርታ ቃል ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ነው የለመድኩት፤ ያን ቀን ግን ከልቤ ነው የወጣው። «አሁን ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ፤ አላቋርጥዎትም።»

ወንበሩን ወደኔ አዞሩት። «ጦርነቱ እየቀረበ ነው ሲባል» አሉ፣ «ያኔ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረን። ሰርቨሩ ከባድ ነው፣ ማን ተሸክሞት ይሄዳል? ዲስኮቹን ከየመሳቢያቸው ፈታና አወጣቸው። ባዶዎቹን መሳቢያዎች መልሶ ሰካቸው፤ ሙሉ ይምሰል ብሎ። ዲስኮቹን በጨርቅ ጠቀለላቸው፤ ጨርቆቹ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ጻፈ። ከዚያ አማና ነው፣ አደራ ብሎ ለአራታችን አከፋፈለ። አንደኛውን ራሱ ያዘ። ሁለተኛውን ለጥበቃችን ሰጠ። ሦስተኛውን እኔ ወሰድኩ። አራተኛውን የጽዳት ሠራተኛችን በአንቀልባ ከልጇ ጋር አዝላ በእግሯ ወጣች።»

«የእርስዎን የት አደረጉት?»

«ማሽላ ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት። ቤቴን ሲፈትሹ ከረጢቱ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ወላሂ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ማሽላው ይሰማል ብዬ ነው የፈራሁ።» ትንሽ ፈገግ አሉና ፈገግታቸው ጠፋ። «ሲያልፍ ሁሉም አማናውን መለሰ። አንድም አልጎደለም። ባለሙያው ግን የያዘውን ልኮ እሱ አዲስ አበባ ቀረ። ታዲያ መልሶ የሚያስገባው ማነው? በስልክ እየነገረኝ እኔው አስገባሁት። በቁጥራቸው ነው ያስገባኋቸው፤ አንደኛውን አንደኛ፣ ሁለተኛውን ሁለተኛ። ይኸው ሲሠራ ኖረ።»

ተነሥተው ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አንድ የደብተር ቅጠል አወጡ። ያኔ ዲስኮቹን ሲረከቡ የጻፉት ነው፤ ሬጅስትራር ናቸውና ሳይመዘግቡ ምንም አይቀበሉም። ሁለተኛ፣ 2058፣ ጥበቃ። ሦስተኛ፣ 7316፣ ዘሀራ።

«ሰባት ሦስት አንድ ስድስት» ብለው አነበቡና ቀና አሉ። «የታመመችው የኔዋ ናት?»

«አዎ።»

«ማሽላው ውስጥ እርጥበት አግኝቷት ይሆን? እኔ ነኝ ያበላሸኋት?»

«ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሠርታለች እትዬ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ግን ግራ ገባኝ። መዝገቡ 7316 ሦስተኛ ነው ይላል፣ በመሳቢያው ላይ ያለው ወረቀትም ሦስተኛ ይላል፣ ሴትዮዋም በቁጥራቸው አስገባኋቸው ይላሉ። ሦስት ምስክር በአንድ ቃል ተናገረ፤ ሦስተኛውን መሳቢያ ስስበው ግን የወጣው 2058 ነው። ሰው ይህን ሲሰማ በጣም የሚቀለው ሴትዮዋ ተሳስተዋል ብሎ መደምደም ነው። ወደዚያው ሳዘነብል ራሴን ያዝኩ። እኚህ ሴት ከረጢት ላይ ተቀምጠው የጠበቁትን ዕቃ ሲመልሱ አይዝረከረኩም። ያልገባኝ ነገር አለ፤ ጉድለቱም የእኔ ነው።

«እትዬ ዘሀራ፣ በቃል አይንገሩኝ» አልኩ። «ያን ቀን እንዳደረጉት በእጅዎ ያሳዩኝ። ልክ አሁን አራቱን ይዘው እንደመጡ አድርገው።»

ግር ቢላቸውም ተነሡ። ሻርፓቸውን አስተካክለው ሰርቨሩ ፊት ቆሙ። ባዶ እጃቸውን ዲስክ እንደያዘ ዘረጉና «ቢስሚላህ» ብለው፣ በቀኝ እጃቸው በቀኝ ጫፍ ያለውን መሳቢያ ነኩ። «ይሄ አንደኛ» አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ወደ ግራ ነኩ። «ሁለተኛ።» እንደገና ወደ ግራ። «ሦስተኛ። አራተኛ።»

«ከቀኝ ነው እንዴ የጀመሩት?»

ገረመኝ በሚል ዓይን አዩኝ። «ታዲያ ከየት ልጀምር? ያ ሁሉ መከራ አልፎ አማና ሲመለስ? መልካም ነገር በቀኝ አይደል የሚጀመር?»

ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ቧንቧ ውሃ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ነው ያደግሁት። ሰደቃ ላይ ውሃው ሲዞር ከቀኝ ተቀማጭ እንደሚጀመር፣ ጫማ ሲደረግ ቀኙ እንደሚቀድም በዓይኔ ሳይ ኖሬያለሁ። ባለሙያው ሲያወጣቸው ከግራ ቆጠረ፤ እሳቸው ሲመልሷቸው ከቀኝ ጀመሩ። ሰልፉ በሙሉ ተገለበጠ። ሰርቨሩ ደግሞ ዲስኮቹን የሚያውቃቸው በመለያቸው እንጂ በቦታቸው ስላልሆነ አንድ ቀን እንኳን ሳያጉረመርም ሲሠራ ኖረ። የቀድሞ ወረቀቶች ብቻ በየመሳቢያው ፊት ተለጥፈው እንደ እኔ ያለውን ሰው ይጠብቁ ነበር።

በወረቀት ላይ ጻፍኩት። ሁለተኛው ከቀኝ፣ ከግራ ሲቆጠር ሦስተኛ ነው፤ 2058 ከዚያ ነው የወጣው፣ ልክ ነው። አንደኛው ቀኝ ጫፍ ነው፤ በቁጥሩ አዝዤ በካቻቢቴው የሰማሁት እዚያ ነው፣ ልክ ነው። ሦስተኛው፣ የወይዘሮ ዘሀራ፣ ከግራ ሁለተኛው ነው። ጆሮዬ ሊለያቸው ካቃተው ከሁለቱ አንዱ። ጆሮዬም መዝገቡም የሴትዮዋ እጅም ተገናኙ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ሁለተኛውን መሳቢያ ያዝኩ። እንደገና ለቀቅሁት። ደግሜ ወረቀቱን አየሁ።

«አብሽር» አሉኝ ከኋላዬ። «ስሙን ጠርተህ አውጣው።»

እሳቸው በእምነታቸው፣ እኔም በእምነቴ አምላክን ጠራን። ሳብኩት። የወጣውን ዲስክ ወዲያው መገልበጥ ፈራሁ፤ መጀመሪያ ሌሎቹን አዳመጥኩ፣ ሦስቱም ይዞራሉ። ከዚያ ገለበጥኩት።

7316።

አሳየኋቸው። አላነበቡትም፤ ፊቴን አይተው ገብቷቸዋል። «አልሀምዱሊላህ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ሦስቱን ጤነኞች አንድ ላይ አስጀመርኳቸው። አሁን የሚያግዳቸው የለም፤ የሰርቨሩ ማሳያ ላይ ጽሑፉ ቀስ እያለ ወረደ፣ ቆመ፣ እንደገና ወረደ። የፋይሎቹ ዝርዝር ሲከፈት ወይዘሮ ዘሀራ ከእኔ ቀድመው ቢሯቸው ደርሰዋል። አዲሱን ዲስክ ለማስገባት እጄ ላይ ይዤ ነበር፤ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የልጅቷ ወረቀት ይውጣ። ፕሪንተሩ ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ የውጤት መዝገብ፣ ጥግ ላይ ጉርድ ፎቶ። ፎቶው ላይ ያለችው ሉባባ በጣም ልጅ ናት።

ኋላ ሉባባ ከሄደች በኋላ የሌሎቹንም ፋይሎች ኮሌጁ ውስጥ በተገኙት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ አካፍዬ ቀዳሁ። ከዚያ በፊት አዲሱን ዲስክ አልሰካሁም።

ወይዘሮ ዘሀራ ገና የሉባባ ወረቀት ላይ ማኅተም እየመቱ ሳለ ግን አለቃዬ ደወለ። መነሣቱንና ዲስኮቹ እንዴት እንደተገለባበጡ ስነግረው ደስ አለው። «ጎበዝ! በቃ ሪፖርቱ ላይ የኮሌጁ ሠራተኛ ዲስኮቹን አቀያይራ ስላስቀመጠች ነው በል» አለኝ። ስልኬ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ወይዘሮ ዘሀራ ይሰማሉ። ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ።

«እንደዚያ አልጽፍም» አልኩ። «ሴትዮዋ ሊነግሩኝ ሲሉ አቋርጬ የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰው፣ ደንበኛ ልናጣ እኮ ነው።»

«ከጠፉም እውነቱን አውቀው ይጥፉ።»

አለቃዬ ሁለት ሳምንት ወደ ውጭ ሥራ አልላከኝም፤ ሱቅ ውስጥ ኪቦርድ ሳጸዳ ከረምኩ። ኮሌጁ ግን እስከ ዛሬ ደንበኛችን ነው። ወይዘሮ ዘሀራ ያን ጊዜ ማኅተሙን አንሥተው ፊርማቸውን ፈረሙና፣ «ሻይ ይምጣልህ?» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ያሉኝ ያኔ ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሉባባ ፖስታውን ይዛ ልትወጣ ስትል «አላህ ይስጥህ፣ ደከምክ» አለችኝ። አሜን ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላስቻለኝም።

«አትመርቂኝ» አልኳት። «ጠዋት እትዬ ዘሀራ ወረቀትሽን ሊያወጡልሽ ሲሉ አምስት ደቂቃ ነው ብዬ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ያልታመመውን ነቅዬ ሁሉንም አቆምኩት። ትንሽ ይቆያል ስልሽ ጨርሶ ሊጠፋ ይችል ነበር።»

ፖስታውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። «ሁለት ልጆች አሉኝ» አለች። «በዚህች ወረቀት ነው የማሳድጋቸው። ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ እረግምህ ነበር፤ አፌን አልይዝም ነበር።» ከዚያ ፖስታውን አየት አደረገች። «አሁን ይዤው ቆሜ እንዴት ብዬ ልርገምህ?»

መኪና እንዳያመልጣት እየፈጠነች ሄደች። ቅዳሜ ወይዘሮ ዘሀራ ደውለው ወረቀቱ በሰዓቱ መድረሱን ነገሩኝ።

ይህን የጻፍኩት ኮምፒውተር ለሚጠግኑ ብቻ ብዬ አይደለም። አንባቢዬ፣ የሰው ጉዳይ በእጅህ የሚያልፍ ከሆነ፣ በመዝገብ ቤትም ሁን በክሊኒክ ወይም በቀበሌ፣ ይህ ነገር አንተንም ይመለከትሃል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የተለጠፈ ወረቀት አምኜ ዕቃ አልነቅልም። ሌላ ቦታ ቅጂ ሳላስቀምጥም አልነካም። ከሁሉ በላይ ግን ቦርሳዬን ከመክፈቴ በፊት ዕቃውን መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ሰውየው ጥበቃም ይሁን ጽዳት ሠራተኛ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንዴት እንዳደረገው በእጁ እንዲያሳየኝ እለምነዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። ይሳቅብኝ።

በዚያ ሰርቨር ውስጥ የስንት ሰው ፋይል እንደነበረ እስከ ዛሬ ወይዘሮ ዘሀራን ጠይቄ አላውቅም። ቁጥሩን መስማት እፈራለሁ። ያን ጠዋት አምስት ደቂቃ ነው ብዬ መሳቢያውን ስስብ የሁሉም የትምህርት ዓመታት በእጄ ነበሩ፤ ፊቷን ያየሁት ግን የአንዷን ብቻ ነው።